የግራው ሞተር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«እናታችንን በገዛ እጅሽ ልትገድያት ነበር» ብለኸኝ ስልኩን ዘጋህብኝ። አልፈርድብህም፤ በቦታህ ብሆን እኔም ከዚህ የከፋ እናገር ነበር። ግን የሰማኸው ከዜና ነው፤ ዜና ደግሞ «አውሮፕላኑ በሰላም ተመለሰ» ብሎ ያልፋል። የሆነውን ከኔ እንድትሰማው ፈለግሁ።

እማዬ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ሚስትህ መውለጃዋ ተቃርቧል፤ አንተ ዘንድ ለመድረስ ባሕሩን በሌላ በምን ትሻገረው? እኔ ረዳት አብራሪ በሆንኩበት በረራ ብትሄድ ትረጋጋለች ብዬ ቲኬቱን የቆረጥኩላት እኔው ነኝ። ወደ ኮክፒት ከመግባቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ቀበቶዋን ሳስርላት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ለመሆኑ ይሄ ነገር በምንድን ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«በአየር ነው እማዬ። ሞተሩ ከፊት አየር ይስባል፣ ይጨምቀዋል፣ ነዳጅ ጨምሮ ያነደዋል፣ ከዚያ የጋለውን ወደ ኋላ ይተፋዋል። እሱን ወደ ኋላ ሲገፋ እኛ ወደ ፊት እንገፋለን። ልጆች ሆነን ፊኛ ነፍተን፣ አፉን ሳናስር ስንለቀው ትዝ አይልሽም?»

«ሻዬ ውስጥ የገባው?»

«እሱው ነው።»

«በይ እንግዲህ ይሄኛውን አጥብቀሽ ያዢው» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ሳቀች።

ተነሣን። ጎማው መሬት ለቆ ወደ ላይ ማቅናት እንደጀመርን አንድ መንጋ ወፍ ከፊታችን ብድግ አለ። ማምለጫ የለም። መስኮቱን ደበደበው፤ ወዲያው ከኋላችን መድፍ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ደገመ፣ ሠለሰ። ወንበሩ፣ መሪው፣ ጥርሴ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ጀመር። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተን።

ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሞተሩ ውስጥ እንደ ማራገቢያ እየተሽከረከሩ አየሩን የሚጨምቁ ብዙ ተደራራቢ ምላጮች አሉ። አየሩ በነሱ ላይ ተስተካክሎ እስከፈሰሰ ድረስ ሰላም ነው። ምላጮቹ ከተጣመሙ ግን ፍሰቱ ይሰበራል፤ እየተጨመቀ ወደ ኋላ የሄደው አየር መንገድ ሲያጣ ዞሮ በመጣበት በኩል ይፈነዳል። ሞተሩ ያስመልሰዋል ብትል ይሻላል። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ያዩት እሳት እሱ ነው። እንዲህ ሲሆን የዚያን ሞተር ኃይል ቶሎ መቀነስ ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ወፎቹ የመቱት ሁለቱንም ሞተሮች ነበር፤ ያለን ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ እየሞተ ነው፣ አንዱ ቆስሏል። የትኛው ነው የሚሞተው?

ካፒቴኑ ከጀርባው «ብረቱ» የምንለው ሰው ነው፤ ሲናገር እንኳ ከንፈሩ ብዙም አይንቀሳቀስም።

«አውሮፕላኑን ተረከቢኝ» አለኝ። መሪውን ያዝኩ። እሱ መለኪያዎቹን ቃኘና እጁን ወደ ቀኙ ሞተር መቆጣጠሪያ ሰደደ።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ያወቀው እግሬ ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ወደ ግራ ይጎተታል፤ እኔም በቀኝ እግሬ መርገጫውን እየገፋሁ ነው የማቃናው። አንዱ ሞተር ሲደክም ብርቱው የራሱን ወገን ወደ ፊት ስለሚገፋ አፍንጫው ወደ ደካማው ይዞራል። እሱ መሪውን ለኔ ስለለቀቀ ይሄ አይሰማውም።

«ካፒቴን፣ ይቆዩ። ወደ ግራ ነው የሚጎትተኝ።»

«መንቀጥቀጡ የባሰበት የቀኙ ነው እኮ» አለ፤ እጁን ግን አላንቀሳቀሰም።

«ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። የግራውን ሙቀት ይዩልኝ።»

ወንድም ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። ከተሳሳትኩ ደህናውን አጥፍተን ከታች በሚታየው የቤት ጣሪያ ላይ እንወርዳለን። ከበሩ ወዲያ እማዬ አለች። እሷን ላለማሰብ እግሬን ብቻ አዳመጥኩ።

ካፒቴኑ አየ። የግራው ሙቀት ወደ ላይ እየነጎደ፣ የሚሽከረከርበት ፍጥነት እየወረደ ነበር። የቀኙ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይሠራል።

«ልክ ነሽ። ግራ።»

«ግራ» ብዬ ደገምኩለት። የግራውን መቆጣጠሪያ ቀስ አድርጎ ሳበው፤ ፍንዳታው ቆመ። በአንድ የቆሰለ ሞተር፣ ሰፊ ዙር አድርገን ተመለስን። ጎማው መሬት ሲነካ ብረቱ ዞሮ ትከሻዬን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

እማዬን መሰላሉ ሥር አገኘኋት። አጠገቧ የነበረችው ሴትዮ አቅፋኝ ታለቅሳለች፤ ለካስ እሳቱ ሲታይ ሰው ሁሉ ሲጮኽ እማዬ የሴትዮዋን እጅ ይዛ «ልጄ ናት የምትነዳው፤ አታስጨንቋት፣ ዝም በሉ» ስትል ነበር።

«ፈርተሽ ነበር?» አለችኝ ብቻችንን ስንሆን።

«በጣም።»

«እኔም። ታዲያ መቼ ነው የምሄደው?»

አንተ ደውለህ «ሁለተኛ አውሮፕላን ላይ እንዳታወጪያት» ስትለኝ አጠገቤ ነበረች። ድምፅህ እንደሆነ ይጮኻል፤ ሁሉንም ሰማች። «እሱ ምን አገባው፤ የምትወልደው ሚስቱ ናት» ብላ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ለመንኳት። እኔ አብራሪዋ፣ ሞተሩን ከነምላጩ የማውቀው፣ «ትንሽ ቆዪ እማዬ» እያልኩ ለመንኳት። አልሰማችኝም።

እኔ ምርመራው እስኪያልቅ አልበርም። እማዬን ዛሬ ይዟት የሚሄደው የማላውቀው አብራሪ ነው። አሁን ገና ያንተ ፍርሃት ገባኝ። ኮክፒት ውስጥ ሆነው ሲፈሩ እግር የሚሠራው፣ እጅ የሚይዘው ነገር አለ። እዚህ ምድር ላይ ምንም የለም።

ይህን ደብዳቤ የምልከው በሷ ነው። የሚስትህ እህት አየር ማረፊያ ትቀበላታለች፤ አንተ እንዳትሰማ የተማከርነው ሦስታችን ነን። እኔን ከፈለግህ ተቀየመኝ። እሷን አትቆጣት፤ ደክሟታል።

ይህን መስመር ካነበብክ እማዬ ከፊትህ ቆማለች ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ስጽፍ በሰላም መድረሷን ገና አላወቅሁም።

እህትህ