የሃጂራ ቤት ወንዝ ውስጥ አይደለም

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሳያት፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደህና መሆንሽን አውቃለሁ፤ ናይሮቢ ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር የተነሣሽውን ፎቶ ጓደኛሽ መሲ አሳይታኛለች። ፊትሽ ሞላ ብሏል፣ ተመስገን። እኔም ጉልበቴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ የምትጽፍልሽ የተቆጣች ሴት ናት።

በቴሌግራም ድምፅ ብልክልሽ አፍጥነሽ እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ። ስናደድ ደግሞ እኔ ራሴም እፈጥናለሁ፤ ሁለቱ ተደምሮ ምን እንደሚሰማሽ እግዜር ይወቀው። ስደውል «እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ነው መልስሽ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። መሲ ቅዳሜ አንቺ ጋ ስለምትመጣ በእጇ ትሰጥሻለች። ወረቀት ማስሮጥ አይቻልም፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የሃጂራ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቀይ ቀለም እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። «ቤትሽ የወንዝ ዳር ክልል ውስጥ ስለሆነ ይነሣል» ብለዋታል። ሃጂራን እኮ ነው፣ ሳያት! እኔ ለቅየሳ መስክ ወጥቼ ወር ሙሉ ስጠፋ አብልታ፣ አጥባ፣ ከልጆቿ ጋር በአንድ አልጋ ያስተኛችሽን ሃጂራን። ያ ቤት ነው ወንዝ ዳር? ከበሯ ተነሥቶ ወንዙ ለመድረስ በዳቦ ቤቱ አልፎ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ፣ ቁልቁለቱን መውረድ ነው። ልጅ ሆነሽ ለምን ወንዝ ወረድሽ ብዬ ስቆጣሽ፣ «አልደረስኩም፣ ሩቅ ስለሆነ ደክሞኝ ተመለስኩ» ያልሽኝን ረሳሽው?

ምን እንደተፈጠረ ሥራሽ ስለሆነ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም አንድ በአንድ ልጻፈው፣ በኋላ አልገባኝም እንዳትዪኝ። የአገራችን የድሮ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መለኪያ ነው። ሳተላይቱም፣ የእጅ ስልኩም፣ ጎረቤት አገሮችም ዛሬ የሚጠቀሙበት የዓለም መለኪያ ግን ሌላ ነው። አንዱን ቦታ በሁለቱ ብትለኪው ቁጥሩ ይለያያል፤ እዚህ አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ከሁለት መቶ ሜትር ያልፋል። ክፋቱ፣ ቁጥሮቹን ላያቸው መንታ ናቸው። ርዝመታቸው አንድ፣ አጀማመራቸው አንድ። የአዲንዳኑን ቁጥር ሳትቀይሪ «ይሄ የዓለም መለኪያ ነው» ብለሽ ካስገባሽው፣ ቤቱ በካርታ ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታል። እኛ ሰፈር ደግሞ ደቡብ ምዕራብ ማለት ቁልቁለቱ ነው፣ ከሥሩም ወንዙ።

የሆነው ይኸው ነው። የካርታ ማሻሻያ ፕሮጀክት ነን ያሉት ሰዎች የሰፈራችንን የይዞታ ቁጥሮች ከድሮው ካርታ እንዳሉ ገልብጠው አዲሱ ሲስተም ውስጥ ከተቱ። መለኪያው ምንድን ነው በሚለው ቦታ ላይ የዓለም አቀፉን ስም ሞሉ። ስሙን ቀየሩ፣ ቁጥሩን ተዉት። ከዚያ ናይሮቢ ወዳለው ወደ እናንተ የካርታ ማዕከል ላኩት፣ ከአገሮቹ የጋራ ስታንዳርድ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንድታዩላቸው። እናንተም አያችሁላቸው!

ሃጂራን ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። ክፍሉን የያዘው ግሩም የሚባል ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጠን፤ እንዲያውም ጨዋነቱ ነው ይበልጥ ያበገነኝ፤ ባለጌ ቢሆን ቶሎ ተሰዳድበን እንገላገል ነበር። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። በሳተላይቱ ፎቶ ላይ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ይታያል፣ የይዞታው መስመር ደግሞ በቢጫ ተሠምሯል። አንድም መስመር የራሱ ጣሪያ ላይ አላረፈም።

«ይኸውልዎት እናቴ» አለኝ። «ሰዉ ከይዞታው ወጥቶ ነው የሠራው።»

«ሁሉም?»

«ያው በብዛት።»

«ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ? ሁሉም እኩል ርቀት? መስጊዱም ጭምር?»

«እናቴ፣ እኛ የምናየው ዳታውን ነው።»

እስቲ አስቢው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዳቦ ቤቱ ከነምድጃው፣ ተመካክሮ ጓዙን ጠቅልሎ ዳገቱን ሁለት መቶ ሜትር ወጥቶ ሰፈረ! አንድ ሰው ከይዞታው ሊወጣ ይችላል። ሁለት ሰው ይችላል። ሁሉም በአንድ ላይ፣ በአንድ መስመር ከወጣ ግን የወጣው ካርታው ነው። ይህን ለማወቅ መማርም አያስፈልግም፣ ማፈር ብቻ ይበቃል። የኔ ቤት የት እንደወደቀ ታውቂያለሽ? ትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ጎሉ አጠገብ። ኳስ ሜዳ ስለሆነ እስካሁን ማንም አልቀባኝም። የኔ ይቆይ።

በዚያው ሳምንት ገብረአምላክን ጠራሁት። ታስታውሽዋለሽ፣ ዕድሜ ልኩን አብሮኝ ሲለካ የኖረው። እሱ ዛሬም በግሉ ስለሚሠራ ደህና መሣሪያ አለው። ተያይዘን ወደ ቀራንዮ ዳገት ወጣን፣ ወደ ድንጋዩ። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ። ትንሽ ሆነሽ አናቱ ላይ አቁሜሽ ቀይና ነጩን ዘንግ ያስያዝኩሽ የልኬት ድንጋይ ነው። ያኔ ዙሪያው የገብስ ማሳ ነበር፣ አሁን የአንድ ሕንፃ ግቢ ውስጥ ገብቷል። ዘበኛው ጋቢውን አንጥፎ መቀመጫ አድርጎታል። ይቅርታ ጠይቀን አስነሣነው። «ደግሞ ድንጋዩንም ልትወስዱት ነው?» አለን ደንግጦ።

ከታወቀ ነጥብ ሳይነሡ መለካት የለም፤ እኔ ይህን ከሀሁ ቀድሜ ነው ያስተማርኩሽ። የድንጋዩን የአዲንዳን ቁጥር እንደ ልጄ ስም አውቀዋለሁ። መሣሪያውን አናቱ ላይ አቁመን በዓለም መለኪያ አነበብነው። ልዩነቱ አቅጣጫውም መጠኑም የሃጂራ ቤት ከተንሸራተተው ጋር አንድ ነው። ገብረአምላክ ቁጥሩን መዝግቦ መሣሪያውን አነሣ። ከዚያ ሃጂራ በር ላይ ቆመንም ለካን፣ መስጊዱ ጥግም ለካን፤ ያው ነው።

ውጤቱን ይዘን ከሃጂራ ጋር ወደ ግሩም ተመለስን። ልጁ ረጋ ብሎ አየው፣ ደጋግሞ አየው። ያልገባው እንዳይመስልሽ፣ ገብቶታል፤ ጆሮው ቀላ።

«እናቴ፣ እርስዎ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ» አለኝ። «ግን ይሄ ዳታ ናይሮቢ ድረስ ሄዶ ተፈትሾ ያለፈ ነው። እኔ የግለሰብ ልኬት ይዤ እሱን መሻር አልችልም። ረቡዕ አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ይቀመጣል፣ እነሱም የሚያዩት ይሄንኑ ነው።»

ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «አልፏል» ይላል። ከሥሩ ያንቺ ስም፣ ሳያት ይገዙ፣ ያ ጭራው የሚረዝም ፊርማሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመናደዴ በፊት ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ሃጂራም አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እሷ ምን እንዳለች መጨረሻ ላይ እጽፍልሻለሁ፣ አሁን አልችልም።

የዚያኑ ዕለት በቴሌግራም ስጽፍልሽ ምን ብለሽ መለስሽልኝ? «እማዬ፣ ዳታው ቼክ ተደርጎ ስታንዳርዱን አሟልቷል። ችግር ካለ እዚያው የአገር ቤት ችግር ነው።» አገር ቤት! ያንቺ አገር የት ሆነና ነው?

ምኑ ነው ያሟላው? የመለኪያው ስም ተሞልቷል ወይ? አዎ። ስሙ ከተፈቀዱት ስሞች ውስጥ አለ ወይ? አዎ። ቁጥሮቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይወድቃሉ ወይ? አዎ። ታዲያ በሁለት መቶ ሜትር ኮልፌ ከኢትዮጵያ ትወጣለች እንዴ? ስሙ እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ማር ተብሎ የተጻፈበትን እንስራ ሳትከፍቺ ማር ነው ብለሽ ፈረምሽ። አንድ ነጥብ፣ አንዲት የታወቀች ነጥብ ይዘሽ ብታመሳክሪ ኖሮ በዚያው ይጋለጥ ነበር። ደግሞ የዚያን ድንጋይ ቁጥር ከዓለም ሕዝብ ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እየዘመርሽ ነው የሸመደድሽው።

ስታንዳርድ የምጠላ አድርገሽ እንዳትወስጂኝ። ሞያሌ ሳለሁ የኛን ካርታና የኬንያን ካርታ ጎን ለጎን ዘርግተን፣ ያው አንዱ መንገድ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ሳይገናኝ በየፊናው ሲሄድ አይቻለሁ። መኪናው ያልፋል፣ ካርታው ግን ገደል ነው የሚለው። ያን ቀን፣ እነዚህ አገሮች በአንድ ቋንቋ የሚለኩበትን ጊዜ ያሳየኝ ብያለሁ። አንቺ እዚያ ማዕከል የተቀጠርሽ ለታ ያለቀስኩት ለዚህ ነበር እንጂ ስለራቅሽኝ አልነበረም። ወይም እንደዚያ ብዬሽ ነበር። ታዲያ የጋራ ስታንዳርድ ማለት ሁላችንም እውነቱን በአንድ ቋንቋ የምንናገርበት ነው እንጂ ሁላችንም ተስማምተን የምንዋሽበት አይደለም!

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ከረቡዕ በፊት ለኮሚቴው በማዕከሉ ስም ጻፊላቸው። የተፈተሸው ቅጹ እንጂ ቦታው እንዳልሆነ፣ የሰፈራችን ቁጥሮች ከአዲንዳን ሳይቀየሩ እንደገቡ፣ የማለፊያው ወረቀት እንደተሻረ ጻፊ። የድንጋዩን፣ የበሯንና የመስጊዱን ልኬት አብሬ ልኬልሻለሁ። የኔን አትመኚ፣ ራስሽ አስይው፤ ማመን አይደለም የምፈልገው። ኮንትራትሽ በዚህ ወር እንደሚታደስ ነግረሽኛል። አለቃሽ ታዲያ ለምን ፈረምሽ ብሎ እንደሚጠይቅሽም አውቃለሁ። ምንም አትሆኚም ብዬ አልዋሽሽም፣ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሥራውን ብታጪ መኝታሽ እንዳለ ነው። የሃጂራ ቤት ከፈረሰ ግን ማንም በፊርማ አያቆመውም።

እሷ ብቻ እንዳትመስልሽ ደግሞ። ከወንዙ በላይ ያለው የቤት ረድፍ በሙሉ በቢጫው መስመር ወንዝ ዳር ወርዷል፤ ቀለሙ ገና አልደረሳቸውም እንጂ።

እንግዲህ የሃጂራን ልንገርሽ። ግሩም ወረቀቱን ሲዘረጋ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ሳያት? የኛ ሳያት?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ፣ ፊቷ በርቶ፣ «ይቺን ልጅ እኮ እኔ ነኝ ያሳደግኋት!» አለችው። ግሩም እኔን አየኝ፣ እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። በታክሲ ወደ ሰፈራችን፣ ወደ 18 ማዞሪያ ስንመለስ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ትነግራት ነበር፤ ናይሮቢ ያለች ልጅ አለችኝ፣ አገር የሚያውቀው ወረቀት ላይ ትፈርማለች እያለች። ቀዩ ቀለምና ያንቺ ስም አንድ ጉዳይ መሆናቸው አልገባትም። እኔ እናትሽ፣ አፌ የማያርፈው፣ እስከ ፌርማታው አንድ ቃል አልወጣኝም።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ቡላ ከሷ ነው። ራሷ አዘጋጅታ፣ ራሷ አስራ አመጣችው። «ለፊርማዋ እንኳን ደስ ያላት በይልኝ» ብላኛለች። መልእክቱን አድርሻለሁ። ቡላውን ከመቅመስሽ በፊት ለሷ ደውይላትና የፈረምሽው ምን እንደሆነ ንገሪያት፤ እኔ አልነግራትም።

መድኃኔዓለም ይጠብቅሽ፣ እጅሽንም ከመፈረሙ በፊት ያቁምልሽ።

የምትወድሽና የተቆጣችሽ እናትሽ
ዋጋነሽ