የልጅ ልጄ ሁለተኛ ምርመራ

ጥቅምት 5
ፈጅርን መስጊድ ሰግጄ ተመለስኩ። ሳብሪና ከአራስ ልጇ ጋር ተኝታለች። ልጄ እናት ሆነች... ገና አልለመድኩትም። ባሏ መህዲ ከገለምሶ ደወለ። "አባ፣ በጉን ገዝቻለሁ። ለሰባተኛው ቀን ስም ማውጫ ይዤ እመጣለሁ።" ጎረቤታችን ሹክሪያ ሕፃኗን አይታ፣ "ጨዋ ልጅ ናት። አታለቅስ፣ አታስቸግር። አያቷን ወጥታለች" አለች። ደስ አለኝ። ልብስ ስሰፋ ለብቻዬ ፈገግ ስል ዋልኩ።

ጥቅምት 6
ጠዋት ሕፃኗ ጡት አልያዘችም። ሳብሪና እግሯን ብትኮረኩራትም ዓይኗን አልገለጠችም። ግንባሯን ነካሁ፤ አያተኩሳትም። ታዲያ ምን ሆነች? "አቦ ተዋት፣ እንቅልፍ ነው" አለች ሹክሪያ። ባለቤቴ ኢንሳፍ ብትኖር ምን ትል ነበር... በልጅ ነገር አትዘገይም ነበር። ባጃጅ ጠራሁ።

ሆስፒታል። ዶክተር ኤደን የምትባል ወጣት ሐኪም አየቻት። "አባባ፣ አራስ ልጅ ኢንፌክሽን ይዟት ላያተኩሳት ይችላል።" ደም ወሰዱ። ሲአርፒ ይሉታል። ሰውነት ከጀርም ጋር ሲታገል ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር ነው። ከአሥር በታች ከሆነ ጥሩ ነው አሉ። የእሷ አራት። እፎይ አልኩ።

ዶክተሯ ግን ፊቷ አልተፈታም። "ቁጥሩ ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል። መድኃኒት ጀምረናል። ነገ ደግመን እናያለን። ያኔም ካልጨመረና ልጅቷ ከነቃች አቁመን እንሸኛችኋለን።"

ጥቅምት 7
ሹክሪያ ለሳብሪና ገንፎ ይዛ መጣች። "ውጤቱ ጥሩ ነው ከተባለ ምን ትጠብቃላችሁ? ይህቺን የምታክል ልጅ ስንቴ ይወጓታል? እንግዳ ተጠርቷል እኮ።"
ሳብሪና ወደ እኔ አየች። "አባ፣ እንሂድ?"
እኔም መሄድ አምሮኝ ነበር። ለድግሱ ብዬ ነው? ወይስ ክፉ ወሬ እንዳልሰማ? ፍርሃት ነው... "እንቆያለን" አልኩ።
"እንግዲያው እንግዳውን አንተ መልሰው፣ አብዱረዛቅ" ብላ ሄደች።

ከሰዓት ሁለተኛው ውጤት መጣ። አርባ ሁለት።
"በጊዜ ጀምረናል፣ አይዟችሁ" አለች ዶክተሯ። "አቋርጣችሁ ሄዳችሁ ቢሆን ኖሮ..." ብላ ወደ ሕፃኗ ዞረች።
ዱዓዬ አጭር ነበር። ያ አላህ፣ አንተ ታውቃለህ።

ጥቅምት 9
ሰባተኛ ቀን። ድግስ የለም። ግን ጠባች። ጠባች። አሳሳቧ... ሳብሪናን ጡቷን አመማት፣ እያለቀሰች ትስቃለች።

ጥቅምት 11
ቁጥሩ ስድስት። አልሐምዱሊላህ። ዶክተሯን መረቅኳት። ክርስቲያን ናት። እጇን ዘርግታ "አሜን አባባ" አለች።

ጥቅምት 16
መርፌዋን ጨርሳ ወጣን። ዛሬ ድግሱ ሆነ። መህዲ ያመጣው በግ ግቢያችን ሣር ሲግጥ ሰንብቶ ወፍሯል። ስሟን መህዲ መረጠ፣ ኩብራ።

ሹክሪያ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ታስተምራለች። "አራስ ልጅ ዝም አለች ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ደሟን አይተው ጥሩ ነው ቢሏችሁም ንቅንቅ እንዳትሉ። ሁለተኛውን ጠብቁ። እኛ ያን ቀን ባንጠብቅ ኖሮ..."

እኛ አለች። ሳብሪና አፏን በሻሿ ሸፍና አየችኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ላርማት? ለምን ብዬ... እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል። እሷ ነገ ገበያ ትወጣለች። የዙህር ሶላት ሳይደርስ ጭሮ ከተማ በሙሉ ይሰማዋል።