ሳቢራ ያጠቆረችው መልስ

ግንቦት 7

...የቀድሞው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጉርሙ ደብተሩን የሰጠኝ አንድ እግሩ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሌላው ጭቃው ላይ እንዳለ ነበር። «ይሄ ካለሽ እንግሊዝኛ አያስቸግርሽም» ያለኝ ይመስለኛል። ወይስ «አያስፈራሽም»? ወደ አምቦ ተዛውሮ መሄዱ ነበር። ደስ ብሎታል። ሦስት ዓመት ሆነው።

እኔ የተመረቅኩት በጂኦግራፊ ነው። አስተማሪ ጠፋና እንግሊዝኛ ተሰጠኝ። የጉርሙ ደብተር አርጅቶ ስለነበር በአዲስ ገለበጥኩት። እስከ ዛሬ የማስተምረው ከዚያ ነው።

ጠዋት ስምንተኛ ቢ ገባሁ። ቃላቱን በኅብረት አስባልኳቸው። ሴቲንግ፣ ታሪኩ የሚሆንበት ቦታና ጊዜ። ፕሎት፣ የድርጊቱ ቅደም ተከተል። አንታጎኒስት፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ። ፕሮታጎኒስት፣ ዋናውን የሚቃወመው። ሃምሳ ስምንት ልጆች፣ አንድ ድምፅ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

ታሪክ ግን አንብበን አናውቅም። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው። ቃላቱን እንጂ ቃላቱ የሚሉትን ነገር አይተውት አያውቁም። እኔስ?

ግንቦት 11

የሳቢራ አባት፣ ከድሮ የሚባለው፣ ትምህርት ቤት መጣ። ገበያው ዳር ልብስ የሚሸጠው። ሳቢራ ስምንተኛን ስትማር ይህ ሁለተኛዋ ነው፤ አምና ሚኒስትሪ ወድቃለች።

«ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ታልፋለች?»

«ታልፋለች። ታነባለች እኮ።»

«ማንበቡንስ ታነባለች። ደንበኛ ቆሞ እያየ ታነባለች።» ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። «ዘንድሮ ካለፈች ትማር፣ እኔም አልከለክልም። ከወደቀች ግን ወራቤ ትሄዳለች፣ እህቴ ዘንድ። ሱቅ ትጠብቃለች። ሦስተኛ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል... ሰውስ ምን ይለኛል?»

ታልፋለች አልኩት፣ ደግሜ። ለምን ደገምኩት?

ግንቦት 19

የሞዴል ፈተና መጣ፣ ከነመልሱ። አንዲት ልጅ ድልድይ ልትሻገር ስትል ዘበኛው ይከለክላታል። አጭር ታሪክ ናት። ጥያቄው፦ ፕሮታጎኒስቱ ማን ነው? የመልስ ወረቀቱ «ልጅቷ» ይላል። ተሳስተዋል አልኩ። በቀይ ሰርዤ «ዘበኛው» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቢራ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታሪኩ እኮ ስለ ልጅቷ ነው።»

«ደብተርሽ ምን ይላል?»

«ደብተሬማ የሚቃወመው ይላል። መዝገበ ቃላት ላይ ግን—»

«የሚፈትንሽ መዝገበ ቃላቱ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ላጲስ ተዋሰች። ሲፋቅ ሰማሁት።

ግንቦት 21

ሳቢራ ዛሬ እጇን አላወጣችም።

ግንቦት 28

አምቦ፣ ለሥልጠና። በምሳ ሰዓት ጉርሙን አገኘሁት። ወፍሯል። ለጨዋታ ያህል የመልስ ወረቀቱን ስህተት ነገርኩት፤ እንዲስቅ ብዬ። አልሳቀም።

«ልጅቷ ናት እኮ» አለ።

«ደብተርህ ላይ...»

«ደብተሬ ላይ እንዲህ አይልም።»

ስልኩን አውጥቶ መዝገበ ቃላቱን አሳየኝ። ፕሮታጎኒስት፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባጃጆች ያልፋሉ።

«ስትገለብጪ መስመር ዘለሻል» አለኝ። «አትጨነቂ። አንድ ጥያቄ ነው። ላይመጣም ይችላል።»

ግንቦት 29

የጉርሙን አሮጌ ደብተር ከሣጥኑ ሥር አወጣሁት። ልክ ነው። የእሱ ልክ ነው። የተሳሳተው የእኔ ጽሑፍ ነው፣ ያማረው።

ሦስት ዓመት። ስንት ልጅ ይሆናል? አልቆጥርም።

ግንቦት 30

ስምንተኞቹ ለጥናት ተለቀው ኖሯል። አሥራ አንድ ብቻ መጡ። ነገርኳቸው፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ።

ሮቤራ፦ «ቲቸር፣ ታዲያ ለፈተናው የቱን እንያዝ?»

«ትክክለኛውን።»

«ትክክለኛው የድሮው ነው የዛሬው?»

ተሳሳቁ። ሳቢራ አልነበረችም።

ሰኔ 3

ሱቁ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ሞልቷል። ሳቢራ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ደብተሯ ባንኮኒው ላይ ተገልጧል። ከድሮ ለደንበኞቹ፦ «ዞር በሉላት፣ የሳቢራ ቲቸር ናት።» ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ።

«ምን ልስጥዎ ቲቸር?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ልጅቷን ወደ ጎን ጠርቶ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር።

«ካልሲ» አልኩ። ካልሲ ገዝቼ ወጣሁ።

ነገ እነግራታለሁ።

ሰኔ 4

ዝናብ። አልሄድኩም።

ሰኔ 6

ፈተና እንድቆጣጠር ሌላ ከተማ መድበውኛል። ዛሬውኑ ሂጂ አሉኝ። መኪናው በሱቁ በኩል አለፈ። ውረጂ አልኩ ለራሴ... አልወረድኩም።

ሰኔ 14

ፈተናው አለቀ፣ ተመለስኩ። ሳቢራ መንገድ ላይ ሮጣ ደረሰችብኝ።

«ቲቸር፣ ያ ነገር መጣ።»

«የትኛው?»

«ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን ይባላል የሚለው። ልቤ ወደ ሌላው ሄዶ ነበር። በኋላ ትዝ አሉኝ፣ የእርስዎን አጠቆርኩ።»

«ጎበዝ» አልኳት።

ጎበዝ?

ሐምሌ 2

ምንም የለም። ዝናብ፣ ጉም። ገብሱ ረዝሟል። ሰው ሲያንኳኳ እደነግጣለሁ።

ነሐሴ 4

ውጤት መጣ። ሮቤራ አልፏል። ሳቢራ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

አንድ ጥያቄ ቢጨመርላት? ሠራሁት። ሃምሳ ይሞላል። እንደገና ሠራሁት። ይሞላል።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ቀጀላ ቢሮ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደብዳቤ እንጻፍ አልኩ። መነጽሩን አወለቀ።

«ያረመው ማሽን ነው፣ ልጄ። ለማሽን ምን ብለሽ ልትጽፊ?»

«አሳስቼያት ነው ብዬ።»

«ታዲያ ሌሎቹስ? የአምናዎቹስ? ይህን ወረቀት ላይ ካሰፈርሽው ማን እንደሚያነበው ታውቂያለሽ?» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ቤትሽ ግቢ። ሂጂ ዕረፊ።»

ነሐሴ 9

ዛሬ ሄድኩ። ሱቁ ዝግ ነው፤ በጓሮ ገባሁ። ከድሮ ካርቶን በገመድ እያሰረ ነበር።

«ይግቡ ቲቸር፣ ዝናቡ እንዳያገኝዎ።»

ከቆምኩ እንደማልጨርሰው ስላወቅኩ ቶሎ ቶሎ ተናገርኩ። ሁለት ቃላት። አገላብጬ። ልክ ነበረች፣ አስፋቅኳት። ከፈተናው በፊትም አውቄ ነበር። እዚህ ድረስ መጥቼ ካልሲ ገዛሁ።

ገመዱን እንደያዘ ሰማኝ።

«ሁለት ቃል?»

«ሁለት ቃል።»

«ወላሂ፣ እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው። ሰው በሁለት ቃል ይወድቃል እንዴ? ልጅቷ ሰነፍ ናት። አባቷ አይደለሁ? አውቃታለሁ።»

«ሰነፍ አይደለችም።»

«እሺ። አይደለችም።» ከደንበኛ ጋር መከራከር እንደማይፈልግ ነጋዴ ነበር የመለሰልኝ። ገመዱን በጥርሱ ጠበቅ አደረገው። «የነገውን መኪና ይዣለሁ። አክስቷ እየጠበቀች ነው።» ወደ ውስጥ ተጣራ። «ሳቢራ፣ ነይ ቲቸርን ተሰናበቺ።»

የውስጠኛው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ሻርፕ እያጠፈች ነበር። ከእኛ እስከ እሷ ሦስት እርምጃ አይሞላም።

ሻርፑን አስቀምጣ መጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አየችኝ። አፌን ከፈትኩ...

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።