ማሽኖቹ የሚቆሙባት ሰዓት

ለምወድህ ወንድሜ ለቬሴሊን፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የቫሌንሲያ ሙቀትስ ለሚስትህ ለዶብሪና ተስማማት? ትንሿ ልጃችሁ ራሊትሳስ ትምህርቱን ለመደችው? እማማም እኔም በአካል ደኅና ነን።

በስልክ «ኔዴልቾ እንዴት ሞተ?» ስትለኝ እማማ አጠገቤ ስለነበረች ሌላ ወሬ አነሳሁብህ። መካኒክነትን ያስተማረህ ሰው ነውና ልታውቅ ይገባል።

በጸደይ ወደ ሱፍ መፍተያ ፋብሪካችን ካሊና የምትባል መሐንዲስ መጣች። «በየዓርቡ ለአንድ ሰዓት ማሽኖቹ ይቁሙ፤ ሁሉም የራሱን ማሽን ያጽዳ፣ ግራሶ ይቀባ፣ የላላ ካየ ይናገር» አለች። ጎረቤታችን ስቶያንካ «ደሞዝ ሳይጨምሩ መጥረጊያ ጨመሩልን!» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ማሽኖቹን የሚጠግነውን ኔዴልቾን ግን ከፋው። «ሥራዬን ለፈታዮቹ አከፋፍለሽ ነገ ልታሰናብቺኝ ነው! እኔ እዚህ ስንቱን ፕሮግራም ቀብሬአለሁ» አላት። «ኧረ ጋሼ ኔዴልቾ፣ እርስዎ ለከባዱ ጥገና ጊዜ እንዲያገኙ ብዬ እኮ ነው» ብትለውም አልሰማትም። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ አጨበጨበላት፤ ትእዛዝ ሲደራረብ ግን «ይቺ ሳምንት ትለፈን» አለ። ሳምንት ሳምንት ወለደ፤ ሰዓቷም ቀረች።

በበጋ የሱፍ ማድረቂያው መጮህ ጀመረ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግራሶ አልቆበት ይግላል፣ ዙሪያውን የሱፍ ብናኝ እንደ በረዶ ተከምሯል። ኔዴልቾ ራሱ «ይቁምልኝ» ብሎ ለመነ። አለቆቹ ግን «መጀመሪያ መኪናው ክሩን ጭኖ ይውጣ» አሉት። ከምሳ በኋላ ብናኙ ተቀጣጠለ። ሁላችን ወደ ውጭ ስንሮጥ እሱ ማሽኑን ሊያጠፋ ወደ ውስጥ ገባ። ጢሱ እዚያው አስቀረው።

የኔዴልቾ የአርባ ቀን መታሰቢያ ንፍሮ ሳይበላ የካሊና የዓርብ ሰዓት ተመለሰች። ዓርብ ማሽኖቹ ሲቆሙ ሁላችን ጨርቃችንን ይዘን እናጸዳለን። ማድረቂያው ተነቅሎ ሄዷል፣ ጩኸቱ ግን ከኛ ጋር ቀርቷል። አንድ ቀን ስቶያንካ ጨርቋን ይዛ ተጠጋችኝና «አንቺም ትሰሚዋለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ነው የምናጸዳው።

ባለፈው ዓርብ ዳይሬክተሩ መጥቶ «ዛሬ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ አስነሱ» አለ። ስቶያንካ ሄዳ ዋናው ማብሪያ ፊት ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ፤ ሌሎቹም መጡ። «ሰዓታችን አላለቀም» አለችው። ፊቱ ነጣ፤ ዞሮ ወጣ። ጽዳታችንን ጨረስን። ማሽኖቹ ሲነሱ ያ ጩኸት የሚመለስ መስሎን ግን ማብሪያውን ለመንካት ማናችንም አልደፈርንም፤ ቆመን ተያየን።

በአንተ ስም መቃብሩ ላይ ሻማ አብርቻለሁ። እማማ ሁለት ጉንጮችህን ትስማለች። ዶብሪናን እቀፍልኝ፣ ራሊትሳን ዓይኗን ሳምልኝ።

የምትናፍቅህ እህትህ ዝላትካ
ስሊቨን፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2006