በለቅሶህ ቀን የለበስኩት ቢጫ ቀሚስ

ውድ ሙላው፣

ይህን ደብዳቤ የምልክበት አድራሻ ስለሌለኝ፣ ዘፈኖቻችንን በምንጭንበት ገጽ ላይ ልለጥፈው ነው። አገር ያንብበው፤ ግድ የለኝም። ጅቡቲም ሁን የመን፣ እስር ቤትም ሁን ሆስፒታል፣ የሰው ስልክ ለምነህም ቢሆን አንድ ቀን የባንዳችንን የጥላሸትን ገጽ መክፈትህ አይቀርም ብዬ ነው። ካየኸው አንብበህ እስክትጨርስ አትጠብቅ። አሁኑኑ ለእናትህ ደውል።

ጥላሸትን የት እንደጀመርነው አንተ ታውቃለህ፤ ሌላው አንባቢ ግን አያውቅም። በጓደኛችን በዘይኑዲን አባት ወፍጮ ቤት ነው። የማሽላ ዱቄት ቅንድባችን ላይ ተቀምጦ፣ አንተ ስልክህን ሞተሩ አጠገብ ይዘህ ድምፁን ስትቀዳ፣ ዘይኑዲን «አባቴ ካየህ አንተንም ይፈጭሃል» አለህ። ያንን ድምፅ እኔ በአሮጌ ላፕቶፔ ቆራርጬ ደጋገምኩት። ዘይኑዲን የተሰበረ ማረሻ በመዶሻ ደበደበበት። አንተ ደግሞ እህል የሚፈስበት ቆርቆሮ ውስጥ አፍህን ከተህ ስለ ጨለማና ስለ መቃብር ጮህክ። ኢንተርኔት ላይ የሰማነውን የፈረንጆቹን ጎቲክና ኢንደስትሪያል ሙዚቃ ለመምሰል ነበር ሙከራችን፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ስማችንንም ከሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ ወሰድነው።

ከዚያ የጎቲክ ዘፋኞቹ ጥቁር ልብስ መጣ። በዚያ ሐሩር ሦስታችንም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለበስን። የእኔን እናቴ እንደ ሃይማኖት ቆጥራው «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ልብ ገዛች» እያለች ለጎረቤት አወራች። አንተ ግን ገበያ መሃል ስታልፍ ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው «ውይ! እነ ቆንጅት ቤት ማን ሞተ?» አሉ። ሳይመሽ ቤታችሁ በለቀስተኛ ተሞላ፤ ንፍሮ ቀቅለው የመጡም ነበሩ። እናትህ፣ ስንቱን የቆቦ ሟች በሙሾ የሸኙት እትዬ ቆንጅት፣ እንግዶቹን በሳቅ መለሱና ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ ሰው ሳይሞት ጥቁር አይለበስም። ሟርት ነው።»

እኛም ሳቅን።

ሮቢት ከተማ ሠርግ ላይ የተጋበዝነውስ? ሙሽራው «ኤሌክትሮኒክ ባንድ» ሲባል ኪቦርድ ያለው የሠርግ ባንድ መስሎት ነው። ገና የመጀመሪያውን ዘፈን ስንጀምር አንድ አዛውንት ብድግ ብለው «ኧረ ጄኔሬተሩ ሊፈነዳ ነው፣ አጥፉት!» አሉ። ስንመለስ ዘይኑዲን እስኪያለቅስ ሳቀ፤ አንተ ግን «የምንጮኸው የሰው አገር ሞት ነው፤ የራሳችንን ሞት መች ሰማነው?» አልከኝ። በሳምንቱ እናትህ ጎረቤት ሙሾ ሲያወርዱ አስፈቅደህ ቀዳሃቸው። የእሳቸውን ድምፅ በወፍጮው ምት ላይ ሳሳርፈው ሦስታችንም ደጋግመን ሰማነው። ባንድ የሆንነው ያኔ ነው። ገጻችን ላይ ስንጭነው የማናውቃቸው ሰዎች ከማናውቀው አገር ይጽፉልን ጀመር።

አንተንም የወደድኩህ ያኔ ነው። አልነገርኩህም። እስላምና ክርስቲያን መሆናችን አይደለም ያስፈራኝ፤ ወሎዬ ነን። ባንዱ ይፈርሳል ብዬ ነው። ይኸው ዝም ብዬም ፈረሰ።

የወፍጮው ሞተር ተበላሽቶ ሲቆም ዘይኑዲን ጎብዬ ሱቅ ተቀጠረ፤ አንተ ሥራ አጣህ። «ሳውዲ ልግባና እውነተኛ ሲንተሳይዘር ኪቦርድ እልክልሻለሁ» ብለህ ከደላላ ጋር በአፋር በኩል ወጣህ። ከጅቡቲ ጠረፍ፣ ከኦቦክ የላክህልኝ ድምፅ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ፈሪሀ፣ ባሕሩን ስሚው። እንደ ወፍጯችን ነው የሚያጉረመርመው። ለዘፈን አስቀምጭልኝ።» ከዚያ ወዲህ የለህም። አብሮህ የተሳፈረው የጎብዬው መንሱር ጀልባዋ መገልበጧን፣ እሱንም ዓሣ አጥማጆች እንዳወጡት ነገረን። እሱ ከዚያ በኋላ አንተን አላየህም። ስትሞትም ግን አላየም፤ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

ዓመት ሊሞላህ ሲል ሽማግሌዎቹ «ልጁ ሳይለቀስለት አይቅር» ብለው ቀን ቆረጡ። ሬሳ ስለሌለ ልብስህን ድንኳኑ መሃል ዘረጉት፤ ያንኑ የመድረክ ጥቁርህን። እኔ ቁም ሣጥኔ ሙሉ ጥቁር እያለ የዒዱን ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ጥቁር ከለበስኩ የምቀብርህ እኔ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ወላሂ።

ስገባ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ምን ያለችው ዓይን አውጣ ናት!» አለች አንዷ። እናትህ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ስንኝ አልወጣቸውም ነበር። የሰውን ሁሉ ልጅ ያለቀሱት ሴት ልብስህን እያሻሹ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና ተነሡ። ሊመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። የቀሚሴን እጅጌ ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ደወለልሽ እንዴ?» አሉኝ።

አይ ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ ሙላው። ፊታቸውን ብታየው አንተም አትችልም ነበር። ዝም ስል ጊዜ እሳቸው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ጥቁር ስትለብስ የኖረች ልጅ ዛሬ ቢጫ የለበሰችው ያለ ነገር አይደለም! ልጄ አለ! አፍርሱት ድንኳኑን!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ልብስህን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱት።

ድንኳኑ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። መብራት ሲጠፋ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ «ሲደውል ባትሪው አልቆ እንዳያጣኝ» ይሉኛል፤ ላፕቶፔ ላይ እሰካላቸዋለሁ። እውነቱን ልነግራቸው በመጡ ቁጥር አፌን እከፍታለሁ። እሳቸው ግን ሳቅ ጀምረዋል። ትናንት ጥቁር ልብስህን አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። «ሲመጣ ይልበሰው፤ ከእንግዲህ አልቆጣውም» አሉኝ። ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ።

ሞተህ ከሆነ ለቅሶህን የነጠቅኩህ እኔ ነኝ። እናትህ አልቃሽ ሆነው ሳለ አንተን ያልተለቀሰልህ አድርጌሃለሁ። ይህን ተሸክሜ እንዴት እንደምኖር አላውቅም። ካለህ ግን ለእኔ አትደውል። ለፍቅሬም መልስ አልጠብቅም። ለእሳቸው ደውል። መናገር ካቃተህ ዝም ብለህ ተንፍስ፤ ያውቁሃል።

ቢጫውን ቀሚስ አላወለቅኩትም፤ ባወልቀው ምን ብለው እንደሚተረጉሙት አውቃለሁ። አሁን መብራት ጠፋ። በሩም ተንኳኳ፤ እናትህ ቻርጀራቸውን ይዘው መጥተዋል።

ፈሪሀ
ከቆቦ