በሚርሲኒ ወይፈን ላይ ስለ ተገኘው ጣዖት

ለብፁዕ አባታችን፣ ለደሴታችን ሊቀ ጳጳስ፤

እጅዎን እየሳምሁ፣ የጉልበትዎ ሕመም እንደ ተሻለዎት፣ የሐምሌም ሙቀት ማቀዝቀዣ ባለው አዳራሽዎ ውስጥ እንዳልጠናብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በላይኛው መንደር የምንኖር ልጆችዎ ደኅና ነን፤ ብቻ ካለፈው እሑድ ወዲህ ጣዖት አምላኪዎች መሆናችንን ስለ ተረዳን ጥቂት ደንግጠናል።

ቄሳችን አባ ስትራቲስ ከቅዳሴ በኋላ መልእክትዎን አነበቡልን። ለቅዱስ ኤርሞላዎስ በዓል ወይፈን በአበባ አስጊጦ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስባርኮ ማረድ፣ ሥጋውንም ከስንዴ ጋር ቀቅሎ ለመንደሩ ማደል ከጥንቱ የባሕር አምላክ ከፖሲዶን የተወረሰ አምልኮ ስለ ሆነ ከዘንድሮ ጀምሮ ተከልክሏል። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ስንዴ ስበላ ጋባዤ ማን እንደ ሆነ ሳላውቅ መኖሬን ስላስታወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼንም በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የልጅ ልጄ ሚርሲኒ ፖሲዶን የሚባል የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ አቴና የሚያመላልሰን መርከብ ነው። አምና በብርዱ ወራት ልጇ አመርሳ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ሚርሲኒ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ለቅዱስ ኤርሞላዎስ ወይፈን ተሳለች። ልጅቷ ዳነች። እናቲቱም አንድ ጥጃ በእጇ እያበላች አሳደገች። አሁን ሕፃኗ ባሳለች ቁጥር የሚርሲኒ ፊት ዐመድ ይመስላል። «አያቴ፣ የሰጠኝን መልሶ ቢወስድብኝስ?» አለችኝ። «ቅዱስ እኮ ነው፣ ቂመኛ ጎረቤት አይደለም» ብላት፣ «አንተ ደሞ በሁሉም ነገር ትቀልዳለህ!» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው፤ ለምን እንደ ሆነ በሁለተኛው እናገራለሁ።

ሁለተኛ፤ ብፁዕነትዎ ማስረጃ ያደረጉት አንድ የአቴና ሊቅ የጻፉትን መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ «ታማኝ የመንደሩ ሽማግሌ» የተባለው ምስክር እኔ ነኝ። ባለቤቴ ኤቫንቲያ በሃምሳ ሦስት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳ ታማኝ ብላኝ ስለማታውቅ ማዕረጉን በደስታ ተቀብያለሁ። ሊቁ ቡና ቤት መጥተው ኡዞ አረቄና የተጠበሰ ኦክቶፐስ ጋበዙኝና የድምፅ መቅጃቸውን ከፊቴ አስቀምጠው፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት እዚህ ምን ነበረ?» አሉ። «ፖሲዶን ነዋ! የአያቴ አያት ሲያርድ ሦስት ጊዜ ወደ ባሕሩ ይሰግድ ነበር» አልኋቸው። «እውነትዎን ነው?» «እንዴ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?» ጓደኞቼ ሳቃቸውን ለመዋጥ ብርጭቋቸውን ነከሱ። ሊቁ ሌላ ኡዞ ባዘዙ ቁጥር እኔም ሌላ ታሪክ ጨመርሁላቸው። ያ ቀልድ ዞሮ የገዛ የልጅ ልጄን ቤት እንደሚያንኳኳ ግን አላሰብሁም።

ደግሞ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከቤተ ክርስቲያናችን መሠዊያ ሥር ማን እንዳቆመው የማይታወቅ አሮጌ የእብነ በረድ ዐምድ አለ፤ ምናልባት ስዋሽ እውነት ተናግሬ ይሆናል። ይሁንና ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ማንን እንደ ለመነች ከሊቁም፣ ከእርስዎም፣ ከእኔም ይልቅ እናቲቱ ታውቃለች።

ሦስተኛ፤ የሙታን ንፍሯችንን፣ የሙሽሮቻችንን አክሊልና ዕጣናችንን ሳይቀር ሊቁ ከጣዖት ቤት የመጡ ናቸው ብለዋል፤ ብፁዕነትዎ ከወይፈኑ ገጽ ሳያልፉ መጽሐፉን ስለ ዘጉት ባለ ውለታዎ ነን። ሊቁ በበትርዎ ጫፍ ላይ ስላሉት ሁለት እባቦችም ጠይቀውኝ «እንጃ» ብዬ አልፌአቸዋለሁ። ነሐሴ ላይ ይመለሳሉ።

ስለዚህ ክልከላውን አንስተው ቅጣቱን በእኔ ላይ ያድርጉት። ዓመት ሙሉ ጹም ቢሉኝ እጾማለሁ፤ ዝም በል ቢሉኝ እሞክራለሁ።

የብፁዕነትዎ ታዛዥ፣ በቅዱስ ኤርሞላዎስ ደጅ የተጠመቀ፣ በእርስዎ ቃል ደግሞ የፖሲዶን እንደራሴ፣

ሽማግሌው ፕሮኮፒስ

ተጨማሪ፤ በዓሉ የፊታችን ረቡዕ ነው። ሚርሲኒ ወይፈኑን ይዛ ደጃፉ ላይ እንደምትቆም ነግራኛለች። አባ ስትራቲስ «እኔስ በምን አንደበቴ እመልሳታለሁ?» እያሉ ሰውን ሁሉ ይጠይቃሉ። እንግዲህ መመለሷ ግድ ከሆነ ብፁዕነትዎ ራስዎ ይምጡ፤ አመርሳን ታቅፋ ስለምትጠብቅዎት ለሁለቱም ባንድ ጊዜ ይነግሯቸዋል።