ረቡዕና ዓርብ የሚመጣው ጅብ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ፣ ያ የሚያምህ ወገብህስ? እኔ ሰባ ስድስት ሞላኝ። አሁንም ውሃዬን በጀሪካን ራሴ እቀዳለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ እዚህ ጅቡቲ ከሠፈሬ ከካርቲዬ ሁለት የፈረንጆቹ ሠፈር ሄሮን ባሕሩ ዳር ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አብስሎልኝ አያውቅም፣ ማንንም አልለመንሁም። ይህንንም በመሠረተ ትምህርት በለቀምሁት ፊደል ራሴ ነው የምጽፈው። በሰው እጅ የሚያስጽፉት ነገር አይደለም። ቢጣመም ታገሰኝ።

በሠፈራችን ልጅ፣ በሹፌሩ በጎሳዬ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ጅብ ፍየል ፈጀብን፣ ለጠመንጃዬ መነጽር ላክልኝ ብለሃል። የማነጣጠሪያው መስቀል መብራት ያለው ይሻላል ወይስ ያለ መብራት ይበቃል፣ ሚሊሺያ ሳለህ ተኳሽ ስለነበርህ አንተ ቁረጥልኝ ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምክር ብሎ የፈለገኝ ሰው አልነበረም።

ዓብዱረዛቅ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ሄሮን ያሉ ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ የቤት ዕቃቸውን ገዝቶ ይሸጣል። ሁለት መነጽር ነበረው፣ አንዱ መብራት ያለው፣ አንዱ የሌለው። "አዴር" ይለኛል፣ አጎቴ ማለቱ ነው። "አዴር፣ በዚህ ዕድሜህ የምታድነው ምንድን ነው፣ ሚስት ነው?" ብሎ ሳቀብኝና ሞክረህ መልስ ብሎ ሁለቱንም ሰጠኝ።

ጎሳዬ መኪናውን ከከተማው ወጣ ብሎ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት በፔካ 12 አቁሞ ተራ ይጠብቅ ነበር። ፀሐይ ልትገባ ስትል መነጽሮቹን ኮፈኑ ላይ በጆንያ አስደግፈን ድንጋይ ለድንጋይ የሚሄዱትን ፍየሎች አየንባቸው። በነጩ ፍየል ላይ ጥቁሩ መስቀል እስኪመሽ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጥቁሩ ላይ ግን ይጠፋል። ያን ጊዜ መብራቱን ስታበራው መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ትወጣለች። አብዝተህ ካበራኸው ዓይንህን ይወጋና ፍየሉን ራሱን ይሸፍንብሃል፤ ማዞሪያው ከሁለት ቁጥር ማለፍ የለበትም። ደግሞ ጨለማውን አያበራልህም፣ መስቀሉን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ባትሪው ቢያልቅ ጥቁሩ መስቀል እዚያው አለ። እንግዲህ ፍርዴ ይሄ ነው፤ ቀን ለሚተኩስ ሰው ጌጥ ነው። ጀንበር ስትገባ ጥቁር ነገር ለሚጠብቅ ሰው ግን ለሩብ ሰዓት ያህል ይጠቅማል።

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ጎሳዬ ሳቀ። "ጋሼ፣ ጅብ ጥቁር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?" አለኝ።

ደብዳቤህን ከኪሴ አውጥቼ እንደገና አነበብሁት፣ ፊደል በፊደል። ጥቁር ነገር ላይ መስቀሉ አይታይም አሉኝ ብለሃል። ርቀቱ ሁለት መቶ እርምጃ ነው ብለሃል። ረቡዕና ዓርብ አመሻሹ ላይ ይመጣል፣ ቆሞም ይቆያል ብለሃል። ጎሳዬ ይህን ሲሰማ "ጅቡ ጿሚ ነዋ" አለ።

እኔ አልሳቅሁም። ከደጅህ እስከ ቦዩ መክፈቻ ሁለት መቶ እርምጃ መሆኑን ልጆች ሳለን አብረን ቆጥረነዋል።

በሠፈሩ ፍየል የጠፋበት ሰው አለ ወይ ብዬ ጎሳዬን ጠየቅሁት። አልሰማሁም አለኝ። የልጄ የአለምሰገድ የውሃ ተራ መቼ ነው አልሁት። ረቡዕና ዓርብ፣ አመሻሽ ላይ ቦዩን ከፍቶ ጫቱን ያጠጣል አለኝ። ምን ለብሶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያን ጥቁር ጃኬት የላክሁለት እኔ ነኝ።

ወንድሜ፣ ካገር ሰው ሁሉ መርጠህ እኔን ቁረጥልኝ አልኸኝ? አባቱን? ደብዳቤህን ደጋግሜ አየሁት፤ እጅህ አንድ ቦታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከእኔ ጽሕፈት የቀና ነው።

መነጽሮቹን ለዓብዱረዛቅ መልሻለሁ። ጎሳዬ ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ያደርስልሃል። እኔም አብሬው መጥቼ ድሬዳዋ ወርጃለሁ፤ ልጄን እዚያ እንዲጠብቀኝ ጠርቼዋለሁ። እሱን ወደ ጅቡቲ እሸኘውና ጃኬቱን ተቀብዬው እመጣለሁ።

ያለብኝን ዕዳ አልክድም። እናታችንን ብቻህን ቀብረሃል፣ እኔ አልደረስሁም፤ ሰው በተሰበሰበበት ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። በሕይወቴ ለማንም ጎንበስ ብዬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። መሬቴን ሠላሳ ዓመት አርሰህ ሳለ ሳላማክርህ ለልጄ ሰጠሁት፤ ከቦዩ በታች ያለውን መሬት ሽማግሌ ባለበት ራሴ ረግጬ እለካልሃለሁ። የዓርቡንም ውሃ የምከፍተው ራሴ ነኝ። መነጽርም መብራትም አያሻህም፤ ጃኬቱን ለብሼ ፊቴን ወደ ደጅህ አዙሬ ነው የምቆመው።

ቤትህን ሰላም ያድርግልህ። እግዚአብሔር ዓይንህን ይጠብቅልህ።

ያንዲት እናት ልጅ፣
ታላቅ ወንድምህ